ጓዳ የሚገባ ድራይቨር፦ ባለ አራት ፖርት ሰሪያል ካርድ በኮምቦልቻ ሚዛን ላይ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ይህን ካርድ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለጫናችሁበት ኮምፒውተር አትግዙት።

ባለ አራት ፖርት ሰሪያል ካርድ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ይሰካል። ደሴ ፒያሳ የኮምፒውተር ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች አይጠፋም። ካርቶኑ ላይ የፔንግዊን ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ሊኑክስ ላይ እንደሚሠራ ተጽፏል። ዋጋው አጠገቡ ከተደረደሩት ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ስሙን አልጠራም። አንዱ ሰሌዳ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት ስለሚሸጥ፣ ስም ብጠራ ብዙም አይጠቅማችሁም። ይልቅ መለያውን ልንገራችሁ። መለያው ያለው ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ውስጥ ነው።

ቤቴ ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። የጭነት መኪና ሚዛን ያላቸው መጋዘኖች ኮምፒውተራቸውን ለእኔ ይሰጣሉ፤ እጭናለሁ፣ እጠግናለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተሳቢው ሚዛኑ ላይ ይወጣል። የሚዛኑ ማሳያ ክብደቱን በሰሪያል ኬብል ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ኮምፒውተሩ ቲኬት ያትማል። አንድ ፖርት ለመግቢያ ሚዛን፣ አንድ ለመውጫ ሚዛን፣ አንድ ለቲኬት ማተሚያው። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሰሪያል ፖርት ይዘው ስለማይመጡ ካርድ የግድ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የመጣ መኪና ሳይመዘን አያራግፍም። ሚዛኑ ቆመ ማለት ሰልፉ ቆመ ማለት ነው።

ሃርድዌሩን አልወቅስም። የኮምቦልቻን ሙቀትና የመጋዘን አቧራ ችሏል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ አልተበላሸም። ኬብሎቹ ጠንካራ ናቸው፤ ብሎናቸው ይጠብቃል። ሲዲው ላይ የድራይቨሩ ሶርስ ኮድ (ሰው የሚያነበው የፕሮግራሙ ጽሑፍ) አለ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሶርስ ኮዱ ባይኖር ኖሮ ከዚህ በታች ያለውን አንዱንም ልነግራችሁ አልችልም ነበር።

ችግሩ የመጣው በአፕዴት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ኡቡንቱ 20.04 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ሲጫን ከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያዝዘው የሊኑክስ እምብርት) 5.4 ነበር። ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔት ስላልነበረው በዚያው ቆየ። መጋዘኑ ኢንተርኔት ሲያስገባ የደህንነት አፕዴቶቹ በራሳቸው ወረዱ፤ ከርነሉም ወደ 5.15 ተሻገረ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አራቱም ፖርቶች የሉም።

የሚዛን ሠራተኛው ደወሉልኝ። «እታለም፣ ቁጥሩ ማሳያው ላይ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን አላየሁም ይላል። መኪናው እስከ አስፋልት ተሰልፏል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱትና ኢስኬፕን ይጫኑ» አልኳቸው። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ በ5.4 የሚጀምረውን የድሮ ከርነል መረጡ። ፖርቶቹ ተመለሱ፤ መኪናው ማለፍ ጀመረ። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው ስለማያጠፋ ነው ይህ የቻለው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ሁሉ ይህችን ዝርዝር እወቋት፤ ቀን ታወጣለች።

ከዚያ ወርጄ ድራይቨሩ ለምን እንደወደቀ አየሁ። ከርነል በተለወጠ ቁጥር ድራይቨሩን ከሶርስ ኮዱ መልሶ የሚገነባው ዲኬኤምኤስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። የግንባታ መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ስህተት ሴት ኤፍኤስ የሚባል ፈንክሽን (ሌላ ኮድ በስሙ የሚጠራው የኮድ ክፍል) እንደሌለ ይናገራል። ያንን ለሙከራ አውጥቼ ስገነባው ሁለተኛው መጣ፤ ካልሲምስ ሉክአፕ ኔም የሚባለውም አይታወቅም አለ። ሁለቱም በ5.4 ነበሩ። በ5.15 ለድራይቨር የሚሆን አንዱም የለም።

«ሊኑክስ ሰበረው» የሚል ብዙ ሰው አለ። አልሰበረውም። ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ግምገማውን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ከርነሉ ውስጥ እጅግ ብዙ ፈንክሽኖች አሉ። የተወሰኑት ድራይቨሮች እንዲጠሯቸው ተብለው ኤክስፖርት ተደርገዋል። የቀሩት የውስጥ ናቸው። የቤት ሳሎንና ጓዳ በሉት፦ እንግዳ ሳሎን ይስተናገዳል፤ ጓዳ ውስጥ ምን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ ሳያማክሩትም ቦታ ይቀይራሉ። የውስጥ ፈንክሽን ነገ ስሙ ሊቀየር፣ የሚቀበለው ነገር ሊጨምር ወይም ሊቀንስ፣ ጭራሹንም ሊጠፋ ይችላል። ሊኑክስ ለተራ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን አገልግሎት እንዳይሰበር አጥብቆ ይጠብቃል። በከርነሉ ውስጥ ባሉ ፈንክሽኖች ላይ ግን እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ አያውቅም። ይህንንም በሰነዱ በግልጽ ጽፎታል።

ካልሲምስ ሉክአፕ ኔም የፈንክሽን ስም ትሰጡታላችሁ፤ አድራሻውን ይሰጣችኋል። ኤክስፖርት የተደረገም ይሁን ያልተደረገ አይለይም። የእኛ ካርድ ድራይቨር በእሱ ተጠቅሞ ኤክስፖርት ያልተደረገ የውስጥ ፈንክሽን አድራሻ ያወጣል፤ ከዚያ በቀጥታ ይጠራዋል። ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? ኮምፓይለሩ (ሶርስ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ምንም ማረጋገጥ አይችልም። በሳሎን በኩል ብትጠሩት ኖሮ ፈንክሽኑ የሚቀበለው ነገር ሲለወጥ ግንባታው ይቆማል፤ ስህተቱን ታያላችሁ፤ ታስተካክላላችሁ። እንዲህ ያለ ለውጥ ደግሞ በእውነት ይመጣል። አክሰስ ኦኬ የሚባለው በ5.0 ከርነል ሦስት ነገር መቀበሉን ትቶ ሁለት መቀበል ጀመረ፤ በድሮው መንገድ የጠራው ሁሉ ግንባታው ላይ ታወቀበት። በአድራሻው ብቻ የተጠራ ፈንክሽን ግን ምንም አይናገርም። ድራይቨሩ ይገነባል፤ ይጫናል፤ ከዚያ ሜሞሪ ውስጥ የማይገባውን ቦታ ይነካል። ሚዛን ላይ ክብደት ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ድራይቨር የሚያነብልኝን ቁጥር አምኜ ቲኬት እንዲታተም አልፈልግም።

ይህን በር የዘጋው የ5.7 ከርነል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለውጡን ያቀረበው ዊል ዲከን የሚባል የከርነል ገንቢ ነው። ፈንክሽኑን አላጠፋውም፤ ለሞጁሎች (እንደ ድራይቨር ከርነሉ ላይ ለሚጫኑ ክፍሎች) ኤክስፖርት መደረጉን ብቻ አስቀረ። በከርነሉ ውስጥ በዚያ ኤክስፖርት የሚጠቀም ሞጁል አልነበረም። የሚጠቀሙት ከውጭ የመጡ እንደ እኛው ያሉ ድራይቨሮች ነበሩ።

ሴት ኤፍኤስ ከዚህም ይብሳል። አንድ ተራ ፕሮግራም ከርነሉን መረጃ ሲጠይቅ «እዚህ አድራሻ ላይ አስቀምጥልኝ» ይለዋል። ከርነሉ አድራሻውን ይመረምራል። የፕሮግራሙ የራሱ ሜሞሪ ከሆነ እሺ ይላል፤ የከርነሉ ሜሞሪ ከሆነ እምቢ ይላል። ተራ ተጠቃሚን ከከርነሉ የሚለየው አጥር ይህ ነው። ሴት ኤፍኤስ ይህን ምርመራ ለጊዜው ያነሳል። ከርነሉ ራሱ፣ ለተራ ፕሮግራም የተሠራ ፈንክሽን መጥራት ሲያስፈልገው የሚጠቀምበት የድሮ ዘዴ ነበር። ያነሳው ሥራውን ሲጨርስ መመለስ አለበት። ካልመለሰ አጥሩ እንደፈረሰ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ሲቪኢ-2010-4258 የተባለ የደህንነት ቀዳዳ የመጣው ከዚሁ ነው። ምርመራው በተነሳበት ሰዓት ከርነሉ ውስጥ ስህተት ቢፈጠር፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋም ምርመራው እንደተነሳ ይቆይ ነበር። በዚያ ክፍተት ተራ ተጠቃሚ በመረጠው የከርነል አድራሻ ላይ ዜሮ ማስጻፍ ቻለ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ የማን እንደሆነ አስቡት።

የእኛ ካርድ ድራይቨር ሴት ኤፍኤስን ለምን ፈለገው? የፍጥነት ቅንብር የተጻፈበትን አንድ ትንሽ ፋይል ከዲስክ ለማንበብ። ሌላ ምንም የለውም። ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩት። ምርመራውን ያነሳል፤ ፋይሉን ለመክፈት ይሞክራል፤ ፋይሉ ካልተገኘ ስህተት መልሶ ይወጣል። ሲወጣ ምርመራውን አይመልስም። ይህን ሳይ በጣም አዘንኩ። ይህ ካርድ ኮምቦልቻ ውስጥ በስንት መጋዘን፣ በስንት ፋብሪካ ተሰክቶ ይሆን?

ድራይቨር ከከርነል ውስጥ ሆኖ ፋይል ማንበብ እንደሌለበት ከከርነሉ ዋና ገንቢዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮ-ሃርትማን ገና በ2005 ሊኑክስ ጆርናል መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። አዲስ ሕግ አይደለም ማለቴ ነው። ቅንብር የሚፈልግ ድራይቨር ሲጫን በሞጁል ፓራሜትር ይቀበላል፤ ወይም ከርነሉ ለቅንብር በሚከፍተው በሲስኤፍኤስ በኩል ይቀበላል። የሃርድዌር ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የሚጫን ፕሮግራም) ከሆነ ሪኩዌስት ፈርምዌር የሚባል የታወቀ በር አለለት። ሴት ኤፍኤስ ራሱ በከርነል ገንቢው በክሪስቶፍ ሄልዊግ ጥረት በ5.10 ከኤክስ86 (ከተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ከርነል) ወጣ፤ በ2022 በወጣው 5.18 ደግሞ ከነጭራሹ ተወገደ።

የከርነል ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ለመከላከል የሄዱበት መንገድ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ተነስተው ሁሉንም አልቆለፉም። የመጀመሪያው መንገድ ስም ነው። በሁለት አንደርስኮር የሚጀምር ፈንክሽን ካያችሁ ብዙ ጊዜ የውስጥ ነው። ሊስት አድ የሚባለው ፈንክሽን በውስጡ ባለ ሁለት አንደርስኮሩን ሊስት አድ ይጠራል፤ እናንተ የምትጠሩት ግን የፊተኛውን ነው። ማንም አያስገድዳችሁም፤ ስሙ ግን ይነግራችኋል። ቀጥሎ ኤክስፖርት መንፈግ አለ። የሲስተም ኮል ሰንጠረዡን (ተራ ፕሮግራሞች ከርነሉን የሚጠሩባቸውን ፈንክሽኖች ዝርዝር) ሞጁሎች እየገቡ ሲቀያይሩት ስላስቸገረ፣ 2.6 ከርነል በ2003 ሲወጣ ሰንጠረዡ ኤክስፖርት አይደረግም ነበር።

በ2019 በ5.4 የመጣው ደግሞ ኔምስፔስ ነው። ኤክስፖርት የተደረጉ ፈንክሽኖች በቡድን ይከፈላሉ። አንዱን ቡድን የሚፈልግ ሞጁል «ይህን ቡድን አስገባለሁ» ብሎ በራሱ ሶርስ ኮድ ውስጥ መጻፍ አለበት። ካልጻፈ ሲገነባ ማስጠንቀቂያ ወይም ስህተት ይመጣል፤ ሲጫንም ከርነሉ አይቀበለውም። መጀመሪያ ከተከፈሉት አንዱ የዩኤስቢ ስቶሬጅ ቡድን ነው። አንዲት መስመር የሚጽፍ ሁሉ ስለሚያልፈው የደህንነት ግንብ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ጸሐፊው ምን እያደረገ እንደሆነ በገዛ እጁ እንዲጽፍ ያደርገዋል፤ ኮዱን የሚመረምረው ሰውም በአንድ ፍለጋ ያገኘዋል። የአንድሮይድ ከርነል ይህን አንድ እርምጃ አራመደው። ፋይል የሚከፍቱትን ፈንክሽኖች በጣም ረጅም ስም ባለው ቡድን ውስጥ አስገባቸው። የስሙ ሐሳብ «እኔ በእውነት ፋይል ሲስተም ነኝ፤ ድራይቨር አይደለሁም» የሚል ነው። የእኛ ካርድ አምራች በዚያ ከርነል ላይ ቢሠራ ይህን ቃል በድራይቨሩ ውስጥ መጻፍ ነበረበት። መቼም እጁ ትንሽ ያቆመው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለአምራቹ በኢሜይል ጻፍኩላቸው። ምላሽ በመስጠታቸው አመሰግናቸዋለሁ። የላኩልኝን ማስተካከያ ግን አልጫንኩትም። የካልሲምስ ሉክአፕ ኔም በር ስለተዘጋ በኬፕሮብ በኩል ዞረዋል። ኬፕሮብ የከርነል ስህተት ለሚከታተሉ ሰዎች የተሠራ መሣሪያ ነው። በስም የተጠራ ፈንክሽን ላይ መከታተያ ይተክላል፤ ሲተክል አድራሻውን ያውቃል። እነሱ ተክለው፣ አድራሻውን ወስደው፣ ይነቅሉታል። ከዚያ ወደ ድሮው ሥራቸው። በሩ ለምን እንደተዘጋ አንብበው ቢሆን ኖሮ በመስኮት አይገቡም ነበር።

የሚያበሳጨው ሳሎኑ ክፍት መሆኑ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቺፕ ከ16550 ጋር የሚስማማ የተለመደ ሰሪያል ቺፕ ነው። ከርነሉ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቺፕ ፖርት ማስመዝገቢያ ፈንክሽን አለው፤ በ8250 ሰሪያል ክፍል ውስጥ፣ ኤክስፖርት የተደረገ። ቺፑን ፈልጎ ማግኘት፣ አድራሻውን መስጠት፣ አራቱን ፖርቶች ማስመዝገብ። የቀረውን ከርነሉ ይሠራዋል። አሁን ያለው ድራይቨር ይህንኑ ሥራ እንደገና ከዜሮ ጽፎ፣ ሳይችለው ሲቀር የውስጥ ፈንክሽን ፍለጋ ገብቷል።

ፒያሳ ያለው ሻጭ ቅን ሰው ነው። «እታለም፣ በድሮው ከርነል ከሠራ እሱኑ ይዘሽ ተቀመጪ። የሚሠራ ነገር ምን ያስነካል?» አለኝ። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ አብረውኝ የሚሠሩም ይሉኛል። እኔ አልስማማም። ኢንተርኔት የገባ ኮምፒውተር የደህንነት አፕዴት ይፈልጋል። አንድ ርካሽ ካርድ ሙሉ ኮምፒውተሩን በአሮጌ ከርነል ላይ ካሰረው ርካሽ አይደለም። «ከርነሉም በየጊዜው ባይለዋወጥ ምን አለበት» ለሚሉኝ ደግሞ መልስ አለኝ። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ የገባ ከሆነ፣ አንድን ፈንክሽን የሚቀይረው ሰው ያን ፈንክሽን የሚጠሩትን የከርነሉን ድራይቨሮች አብሮ ያስተካክላል። ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ለውጡ የሚጎዳው ውጭ የቀረውን ነው።

ሻጩ ካርዱን መልሶ ወስዶ ልዩነቱን ከፍዬ ሌላ እንድይዝ ፈቀደልኝ። የያዝኩት ኤክሳር 17ቪ354 ቺፕ ያለበትን ባለ አራት ፖርት ካርድ ነው። ሲዲ አልከፈትኩም። ሰካሁት፣ ኮምፒውተሩን አስነሳሁት፣ ፖርቶቹ መጡ። 8250 ኤክሳር የሚባለው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አለ። ኤክሳር ራሱ በ2017 በማክስሊኒየር ተገዝቷል፤ ኩባንያው ባለቤት ቢቀይርም ድራይቨሩ በየከርነሉ አብሮ ይመጣል። ቆይቼ ኡቡንቱ 22.04 ጫንኩበት፤ ሚዛኑ አልቆመም። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ኬብሉ አጭር ነው፤ ማሳያው ራቅ ያለ ከሆነ ማስረዘሚያ ግዙ። የካርድ መሰኪያ የሌለው ኮምፒውተር ላላችሁ በኤፍቲዲአይ 4232 ቺፕ የተሠራ የዩኤስቢ መቀየሪያም ይሆናል፤ የእሱም ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ነው። ዩኤስቢ ሲነቀል ግን የፖርቱ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል ሚዛን ላይ ካርዱን እመርጣለሁ።

ስትገዙ ሻጩን ካርዱን ዴስክቶፕ ላይ እንዲሰካላችሁ ጠይቁ። ኡቡንቱ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሱት። ቴርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትእዛዝ ከ-ኬ ጋር ስታስኬዱ ከካርዱ ሥር የሚሠራበት ድራይቨር ስም ይወጣል። ምንም ካልወጣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ስም ከወጣ በሞድኢንፎ ትእዛዝ ጠይቁት፤ ኢን-ትሪ በሚለው መስመር ላይ ዋይ ካለ ከከርነሉ ጋር የመጣ ነው። አስቀድሞ የተሰካ ካርድ ላላችሁ ደግሞ በፕሮክ፣ ሲስ፣ ከርነል ሥር ቴይንትድ የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። 0 ካለ ንጹህ ነው። የእኛው የድሮው 12288 ይል ነበር፤ የሁለት ቁጥር ድምር ነው፦ 4096 ከከርነሉ ውጭ የመጣ ሞጁል አለ ማለት ነው፤ 8192 ደግሞ ያልተፈረመ ሞጁል አለ ማለት ነው።

ያኛው ካርድ ቀድሞ የገባላችሁና መቀየር ያልቻላችሁ ካላችሁ በ5.4 ላይ መቆየት እንደ መፍትሔ አይታያችሁ። የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ በግንቦት 2025 አብቅቷል። እስክትቀይሩት ድረስ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ንቀሉት፤ ቲኬቱን በፍላሽ አውጡ። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ካገኛችሁ ደግሞ ሦስት ነገር እንዲሠራ ንገሩት፦ ፋይል የሚያነበውን ክፍል አውጥቶ ቅንብሩን በሞጁል ፓራሜትር ይቀበል፤ በአድራሻ የሚጠራውን የውስጥ ፈንክሽን ያስወግድ፤ ፖርቶቹን በ8250 ማስመዝገቢያ በኩል ያስመዝግብ። የኬፕሮቡን ማስተካከያ ይዞ ከመጣ መልሱት።